ከቀለሙ በፊት ፍሬኑ

ቁልፉ ሲጠመዘዝ ሞተሩ ይነሳል፤ ጣት ከቁልፉ ሲላቀቅ ወዲያው ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በተሠሩ የክራይስለር ኩባንያ መኪኖች፣ በዶጅም ሆነ በፕሊማውዝ፣ ይህ የታወቀ ችግር ነው። ብዙ ባለቤት መጀመሪያ የሚጠረጥረው ካርቡራተሩን ነው፤ ያወርድና ያጥበዋል። አልሆን ሲለው የቤንዚን ፖምፓ ይገዛል፤ ቀጥሎ ኮይል ይቀይራል፤ ቀጥሎ የቁልፉን ማስነሻ ራሱን ያስፈታል። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሞተሩ ጀርባ ባለው ላሜራ ላይ በቡሎን በታሰረች አንዲት ትንሽ የሸክላ ቁራጭ ውስጥ ነው። ይህች ሬዚስተር ሞተሩ በሥራ ላይ ሳለ ወደ ኮይሉ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ ትቀንሳለች። ሞተሪኖው በሚያዞርበት ጊዜ ኤሌክትሪኩ በእሷ በኩል ሳያልፍ በቀጥታ ኮይሉ ዘንድ ይደርሳል፤ ቁልፉ ሲመለስ ግን መንገዱ በእሷ በኩል ብቻ ነው። ውስጧ ያለው ሽቦ ከተቃጠለ መስመሩ ይቋረጣል፣ ሞተሩም ይጠፋል። ዋጋዋ እጅግ ርካሽ ነው። የቀድሞ አሽከርካሪዎች ትርፍ አንድ በመኪናው ኪስ ይዘው ይጓዙ የነበረው ይህን ስለሚያውቁ ነው።

አሮጌ መኪና በቤት ማደስ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ቀድሞ የሚሄደው ወደሚያብረቀርቅ ቀለም፣ ወደ ክሮምና ወደ አዲስ የወንበር ልብስ ነው። በቴሌቪዥንና በቪዲዮ የሚታየውም ይኸው ነው፤ ዝገት የበላው መኪና በአንድ ሰዓት ፕሮግራም ውስጥ አዲስ ሆኖ ይወጣል። ብልሽቱን የመፈለጉ ሥራ ለካሜራ አይመችምና ይዘለላል። ከእድሳቱ ሁሉ የሚከብረውና ሊከበር የሚገባው ግን እሱ ነው። ሐኪም ሳይመረምር መድኃኒት እንደማያዝ ሁሉ፣ ባለመኪናውም ጥፋቱ የት እንዳለ ሳያውቅ መለዋወጫ መግዛት የለበትም። የቀለም ተራ የሚደርሰው መኪናው በደህና መነሳቱ፣ ከዚያም በላይ በደህና መቆሙ ከተረጋገጠ በኋላ ነው።

እነዚህ መኪኖች ባለቤታቸው እጁን እንዲያስገባባቸው ታስበው የተሠሩ ናቸው። ፎርድ እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1927 ድረስ ከ15 ሚሊዮን በላይ ሞዴል ቲ መኪኖችን ሲሠራ፣ ከገዢዎቹ ብዙዎቹ ከከተማና ከጋራዥ ርቀው የሚኖሩ ገበሬዎች ነበሩ። ኩባንያው ለባለቤቶች ያዘጋጀው መጽሐፍም በጥያቄና መልስ የተጻፈ ስለነበር፣ መካኒክ ያልሆነ ሰው ችግሩን ፈልጎ መፍትሔውን ያነባል። ይህ ልማድ ከዚያ በኋላም ቀጥሏል። ሸቭሮሌት በ1955 ባለ 265 ኪዩቢክ ኢንች ቪ8 ሞተሩን ይዞ ብቅ አለ፤ ወደ 4.3 ሊትር መሆኑ ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በዚያ ሞተር ላይ የመጣው ዲስትሪቢዩተር ክዳኑ ላይ ትንሽ ተንሸራታች መስኮት አለችው። ሞተሩ እየሠራ መስኮቷ ትከፈታለች፤ ቁልፍ ይገባና ሞተሩ መንተፋተፍ እስኪጀምር ድረስ ይዞራል፤ ከዚያ ግማሽ ዙር ይመለሳል። እሳት የሚያቋርጡትና የሚያገናኙት ነጥቦች ተስተካከሉ ማለት ነው። መሣሪያውን የነደፉት ሰዎች ባለመኪናው በጆሮው እንዲሠራ ማመናቸው ያስደንቃል።

በአሜሪካ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ እያንዳንዱ አነስተኛ መኪና ደረጃው አንድ ዓይነት የሆነ የኮምፒውተር መመርመሪያ ሶኬት እንዲኖረው ግዴታ ሆኗል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ መኪናው ራሱ ስለ ሕመሙ ኮድ ይሰጣል። ከዚያ በፊት ያሉት፣ በተለይም ካርቡራተር ያላቸው፣ ኮድ የላቸውም። የሚመረመሩት በዓይን፣ በጆሮ፣ በአፍንጫና ጥቂት ብር በሚያወጡ መሣሪያዎች ነው።

አካሄዱ ቀላል ሆኖ ትዕግሥት ይጠይቃል። የቤንዚን ሞተር በትክክለኛው ሰዓት ነዳጅ፣ እሳትና እመቃ ካገኘ መነሳቱ አይቀርም። ካልተነሳ ከሦስቱ አንዱ ጎድሏል። የትኛው እንደጎደለ ሳይታወቅ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ መቀየር ምርመራውን ማበላሸት ነው፤ ሞተሩ ቢነሳ እንኳ ያስነሳው የትኛው እንደሆነ አይታወቅምና። በበጋ ቀን መንገድ ላይ ሞተሩ ሞቆ የሚጠፋና ግማሽ ሰዓት ሲያርፍ እንደገና የሚነሳ መኪና እዚህ ላይ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። ሁለት ጥፋቶች አንድ ዓይነት መልክ አላቸው። አንደኛው ቤንዚኑ በቱቦው ውስጥ ፈልቶ እንፋሎት ሲሆን ፖምፓው የሚገፋው ፈሳሽ ሲያጣ ነው። ሁለተኛው ኮይሉ ውስጥ ያለ የተጎዳ ሽቦ በሙቀት ሲለያይ፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ መልሶ ሲገናኝ ነው። የሚለዩት መኪናው በጠፋበት በዚያው ደቂቃ ብቻ ነው። ሞተሩ እንደጠፋ የአየር ማጣሪያው ተነስቶ የካርቡራተሩ ጉሮሮ ውስጥ እየታየ የቤንዚን መስጫው በእጅ ይሳባል። ቀጭን የቤንዚን ጅረት ከረጨ ነዳጅ አለ፤ ፍለጋው ወደ እሳቱ ይዞራል። ካልረጨ ጥፋቱ በነዳጁ መስመር ነው። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ምርመራ ነው፤ ያለ እሱ ግን ሰው ሙሉ በጋ የተሳሳተ ዕቃ ሲቀይር ሊከርም ይችላል።

ለእንፋሎቱ ችግር አሜሪካውያን የእንጨት የልብስ መቆንጠጫ በቤንዚን ቱቦው ላይ መደርደር የቆየ ልማዳቸው ነው። ደጋፊዎች አሉት። ይሁንና ቱቦውን ከጭስ ማውጫው ማራቅና የደከመ ፖምፓን መለካት ይበልጣል።

ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ዋጋው አንሶ ብዙ የሚናገረው የሞተሩን የመምጠጥ ኃይል የሚለካው ጌጅ ነው። ጤነኛ የአሜሪካ ቪ8 በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ያለ ጭነት ሲሠራ ከ17 እስከ 22 ኢንች ሜርኩሪ ያሳያል። መርፌው በየጊዜው ወደ ታች የሚመታ ከሆነ አንድ ቫልቭ አይገጥምም ማለት ሊሆን ይችላል፤ ሳይንቀሳቀስ ዝቅ ብሎ ከቆመ ደግሞ የእሳቱ ሰዓት ዘግይቶ ወይም አየር በሆነ ቦታ እየገባ ይሆናል። እዚህ ላይ የከፍታ ነገር አይረሳ። በየ1,000 ጫማው አንድ ኢንች ያህል ይቀንሳል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች ያው ጤነኛ ሞተር እዚያ ወደ 7 ኢንች ያህል ዝቅ ብሎ ይታያል። መጽሐፉን ብቻ የሚያነብ ሰው ደህናውን ሞተር ሊያስፈታው ነው። ካርቡራተሩም እንዲሁ ነው፤ በቆላ ተስተካክሎ የመጣ ካርቡራተር በስስ አየር ውስጥ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላዎቹንም ያጠቁራል። የኢትዮጵያ ደጋ መካኒኮች ይህን ያለ ጌጅ ካንዴላ አይተው ብቻ ሲያውቁት ኖረዋል።

ስለ ቦዲ ደግሞ የፎርድ ሙስታንግን ያህል የሚያስተምር መኪና የለም። ሙስታንግ ሚያዝያ 17 ቀን 1964 በኒውዮርክ የዓለም ትርኢት ላይ ለሽያጭ ቀርቦ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ400 ሺህ በላይ ተሽጧል። ዛሬ በቤት ከሚታደሱት የአሜሪካ መኪኖች ግንባር ቀደሙ ነው፤ መለዋወጫው ሞልቷል፣ ሙሉ ቦዲው ሳይቀር በፎርድ ፈቃድ እንደ አዲስ ይሠራል። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሙስታንጎች፣ እስከ 1968 ሞዴል ድረስ፣ አንድ ድብቅ ሕመም አለባቸው። ከፊት መስታወቱ ሥር ባለው ቀዳዳ የሚገባው የዝናብ ውኃ መውረጃውን ይዞ እንዲሄድ ነበር የታሰበው፤ እዚያ ውስጥ ቅጠልና አቧራ ሲጠራቀም ግን ላሜራው ይዝጋል፣ ውኃውም ወደ እግር መርገጫው መንጠባጠብ ይጀምራል። ባለቤቱ ሞኬቱ እርጥብ ሆኖ ያገኘዋል። አዲስ ሞኬት ይገዛል፤ ወለሉ ተበልቶ ሲያይ የወለሉን ላሜራ ቆርጦ አዲስ ያስበይዳል፤ ቀለም ይቀባዋል። በሚቀጥለው ክረምት ውኃው ይመለሳል፤ ከላይ ያለው ዝገት አልተነካማ! ምርመራው አንድ ጆግ ውኃ ነው። ውኃው በመስታወቱ ሥር ባለው ቀዳዳ ቀስ ብሎ ሲፈስ ሌላ ሰው ከውስጥ በባትሪ መብራት ያያል። ጥገናው ግን ከባድ ነው፤ የላይኛውን ላሜራ ለማንሳት በርካታ የብየዳ ነጥቦችን አንድ በአንድ መሰርሰር ያስፈልጋል። ከባድ ስለሆነ ነው ሰው ወደ ሞኬቱ የሚሸሸው።

ቀለም ራሱ ብልሽት የሚሆንበት ጊዜም አለ። በአሮጌ መኪና የኤሌክትሪኩ መመለሻ መንገድ የመኪናው ላሜራ ነው፤ መብራቱም፣ የቤንዚን መጠን ጠቋሚውም፣ ሞተሪኖውም በላሜራው በኩል ወደ ባትሪው ይመልሳሉ። አንድ ሰው ቦዲውን እስከ ላሜራው ፍቆ ባማረ ቀለም ሲቀባው እነዚያን መገናኛዎች ሁሉ ይሸፍናቸዋል። መኪናው ተገጣጥሞ ሲያልቅ መብራቱ ይደክማል፣ የፍሬቻው መብራት ከፍሬኑ መብራት ጋር ይደባለቃል፣ ጠቋሚው ይዋሻል። ከዚያ የሽቦ መስመሩ በሙሉ ይቀየራል፤ መድኃኒቱ ግን ቡሎኑ ሥር ያለችውን የሳንቲም ስፋት ያላትን ቀለም መፋቅ ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ ወደ 12 ቮልት ከመዛወሩ በፊት አብዛኛው የአሜሪካ መኪና በ6 ቮልት ይሠራ ነበር። በግማሽ ቮልት ያንኑ ሥራ ለመሥራት እጥፍ ኤሌክትሪክ ስለሚፈስ የባትሪው ሽቦ ወፍራም መሆን አለበት። ለ12 ቮልት የተሠራ ቀጭን ሽቦ የገባበት ባለ 6 ቮልት መኪና ሞተሪኖው እያቃሰተ ይዞራል፣ ጥፋቱም በሞተሪኖው ይላከካል።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ግን ፍሬን ነው። እስከ 1966 ሞዴል ድረስ በአብዛኛው የአሜሪካ መኪና ላይ የፍሬን ዘይት መስመሩ አንድ ብቻ ነበር። አራቱም ጎማዎች ዘይቱን ከሚገፋው ከአንድ ዋና ሲሊንደር፣ ከማስተሩ፣ ይመገባሉ፤ አንድ አሮጌ የፍሬን ጎማ ቱቦ ቢፈነዳ ፔዳሉ እስከ ወለል ይወርዳል፣ መኪናውም ፍሬን አልባ ይሆናል። ሁለት የተለያየ መስመር ያለው ማስተር በአሜሪካ መኪኖች ላይ የተለመደው ከ1967 ሞዴል ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ፣ ክብደቱ ከአንድ ቶን ተኩል በላይ የሆነ፣ አራቱም ጎማው ላይ ታምቡር ያለው መኪና ገዝቶ ቀለም ቤት የሚወስድ ሰው ቅደም ተከተሉን ገልብጦታል። የተለመደው የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ለዓመታት የቆመ መኪና ውስጥ ያ እርጥበት የጎማዎቹን ሲሊንደሮች ከውስጥ አዝጓቸዋል። ፔዳሉ ጠንካራ መስሎ ሊሰማ ይችላል፤ አንድ ድንገተኛ ፍሬን ግን ሁሉንም ያወጣዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ገንዘብ የሚሄደው ወደ ጎማ ቱቦዎቹ፣ ወደ ሲሊንደሮቹ፣ ወደ ብረት ቧንቧዎቹና ወደ ማስተሩ ነው። ባለ ሁለት መስመር ማስተር መግጠም የመኪናውን ታሪካዊነት ያበላሻል የሚሉ አሉ። ይህ ክርክር ሚዛን አይደፋም። አሮጌው ማስተር በጨርቅ ተጠቅልሎ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ፤ ለትርኢት ቀን ሲፈለግ ይመለሳል። ልጆችን ጭኖ የሚወጣ ሰው በአንድ ቱቦ ላይ መታመን የለበትም።

ታምቡር ሲከፈት አንድ ጎን ብቻ ይፈታል፤ ሌላው ሳይነካ ማሳያ ሆኖ ይቆያል። ፎቶ ማንሳትም አይጎዳም። በብዙዎቹ የአሜሪካ ታምቡሮች ሸራው አጭር የሆነው ጫማ ወደ መኪናው ፊት፣ ረጅሙ ወደ ኋላ ይሆናል፤ ተገላብጦ ሲገባ መኪናው ፍሬኑ ይደክማል ወይም ወደ አንድ ጎን ይስባል። እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ድረስ በነበሩ የክራይስለር መኪኖች ደግሞ የግራው ጎን የጎማ ዳዶዎች የሚፈቱት በተቃራኒው ነው። ይህን ሳያውቅ በመፍቻው ላይ ቧንቧ ጨምሮ የታገለ ሰው ቡሎኑን ይሰብረዋል። በታምቡሩ ውስጥ የተጠራቀመው ዱቄት በአየር ግፊት አይነፋም፤ የዚያ ዘመን የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ነበረበትና እርጥብ በሆነ ጨርቅ ይጠረጋል እንጂ ወደ ሳንባ መግባት የለበትም። ክሪክ ብቻ በደገፈው መኪና ሥር መግባት ደግሞ ከቶ የሚታሰብ አይደለም፤ ጠንካራ የብረት መደገፊያ ይኑር።

አንድ ሌላ ልማድም መነቀፍ አለበት፤ መኪናን ሙሉ በሙሉ ፈትቶ እስከ ሻንሲው ማውረድ። በባለሙያ ጋራዥ፣ በቂ ቦታና ገንዘብ ባለበት፣ ይህ ትልቅ ሥራ ነው። በቤት ጋራዥ ግን የመኪና መጨረሻ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ሲፈታ ደስ ይላል፤ ቡሎኖቹ በካርቶን ይገባሉ፤ ክረምት ያልፋል፤ ሥራ ይበዛል፤ በመጨረሻ መኪናው በሳጥኖች ውስጥ ሆኖ ለሌላ ሰው ይሸጣል፣ ገዢውም የትኛው ቡሎን የትኛው ቦታ እንደነበር የሚነግረው የለም። እየነዱ ማደስ ይሻላል። አንድ ወር ፍሬን፣ ቀጥሎ ማቀዝቀዣ፣ ቀጥሎ መሪ፤ በየመሐሉ መኪናው ይነዳል፣ ቀጣዩን ሕመሙን ራሱ ይናገራል።

በቤንዚን ጉዳይ ደግሞ ፍርሃቱ ከችግሩ ይበልጣል። አሜሪካ እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ለመንገድ መኪኖች ሙሉ በሙሉ የከለከለችው ከጥር 1 ቀን 1996 ጀምሮ ነው። እርሳሱ የድሮ ሞተሮችን የቫልቭ መቀመጫ ከመበላት ይጠብቅ ነበር። ስለዚህ ብቻ ግን ደህና ቴስታታ ማውረድ አያስፈልግም፤ በሌላ ምክንያት ሲወርድ ጠንካራ መቀመጫ ይገባበታል። ኤታኖል የተቀላቀለው ቤንዚን ግን ትኩረት ይፈልጋል፤ አሮጌዎቹን የጎማ ቱቦዎች ያለሰልሳቸዋል፣ ቱቦው የሚያንጠባጥበውም በጋለ ሞተር ላይ ነው።

ከባዱ ተቃውሞ ስለ አየር ብክለት የሚቀርበው ነው፤ እውነትም አለው። ከ1975 ሞዴል በፊት የተሠሩ የአሜሪካ መኪኖች የጭስ ማጣሪያ ካታሊስት የላቸውም፤ በአንድ ኪሎ ሜትር የሚለቁት ጭስ ከዛሬው መኪና ጋር አይወዳደርም። ካሊፎርኒያ 1975ና ከዚያ በፊት የተሠሩትን ከጭስ ምርመራ ነፃ ማድረጓ ባለቤቱን ከኃላፊነት ነፃ አያደርገውም። መልሱ እንደገና ምርመራው ነው። ካርቡራተሩ ቤንዚን የሚያበዛ፣ ካንዴላው እሳት የሚስት መኪና ከተስተካከለው እጅግ የበለጠ ይበክላል። ቀለሙ የሚያብረቀርቅ፣ ከኋላው ጥቁር ጭስ የሚያስከትል መኪና ታደሰ ሊባል አይገባም።

ይህ የምርመራ እውቀት ለአሮጌ መኪና ብቻ የሚጠቅምም አይደለም። የማሳቹሴትስ ግዛት በ2012 መኪና አምራቾች የጥገና መረጃቸውን ለባለቤቶችና ለማንኛውም ጋራዥ እንዲያካፍሉ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ፤ በ2020 ደግሞ መኪናው በሽቦ አልባ መንገድ የሚልከውን መረጃ የሚመለከት ተጨማሪ ሕግ ለሕዝብ ቀርቦ ከድምፅ ሰጪዎቹ ሦስት አራተኛ ያህሉ ደግፈውታል። የራሱን ንብረት ከፍቶ የማየት መብት ዋጋው የሚገባው ሰው ከፍቶ ሲያውቅ ነው። በካንሳስ ያለው የማክፈርሰን ኮሌጅ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የመኪና እድሳት ማስተማሩና ዛሬ በዚሁ ሙያ ዲግሪ መስጠቱ ለዚህ ጥሩ ምልክት ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ፣ የአሜሪካ አሮጌ መኪና ብርቅ ነው፤ የአገሪቱ የመኪና ትዝታ በፊያትና በቮልስ የተሞላ ነው። ያለ አዲስ መለዋወጫ መኪናን ለአሥርት ዓመታት በሕይወት የማቆየት ብልሃት ግን በመርካቶ ሶማሌ ተራና በየሰፈሩ ጋራዥ ሞልቷል። ኩባውያን የአሜሪካ ማዕቀብ ከ1962 ወዲህ መለዋወጫ ሲዘጋባቸው የ1950ዎቹን ሸቭሮሌቶች በሶቪየት ሞተር ያቆዩበት ዓይነት ብልሃት ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲወስን፣ አገር ውስጥ ያሉት ካርቡራተር ያላቸው መኪኖች ዕድሜ የበለጠ በእነዚህ እጆች ላይ ወድቋል። ይህ የእጅ እውቀት በሙያ ትምህርት ቤቶች ተጽፎ ሊያዝ ይገባዋል፤ አሮጌዎቹ መካኒኮች ሳያልፉ።

በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድ ወይም በቴክሳስ ኖሮ ገንዘብ አጠራቅሞ የ1960ዎቹን መኪና ለመግዛት የሚያስብ አንባቢ ካለ፣ ከሻጩ ቤት ሲደርስ ቀለሙን ማድነቁን ለኋላ ያቆየው። ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልሎ በበሮቹ ሥርና በፓራፋንጎዎቹ ጠርዝ ያስሂድ፤ ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ላሜራ ሳይሆን ስቱኮ ነው። ሞኬቱን አንስቶ ወለሉን ይዳስስ። ጎማዎቹ ላይ ካሉት ቁጥሮች የመጨረሻዎቹን አራት ያንብብ፤ ከ2000 ወዲህ በተሠራ ጎማ ላይ ሳምንቱንና ዓመቱን ይናገራሉ፣ ጥርሱ ያልተነካ ጎማ ሃያ ዓመት ሊሞላው ይችላል። እሱ ከመድረሱ በፊት ሞተሩን እንዳያሞቀው ሻጩን አስቀድሞ ይጠይቅ፤ የቀዘቀዘ ሞተር አነሳሱ ብዙ ይናገራል። ከዚያ ገብቶ ይቀመጥና የፍሬኑን ፔዳል ረግጦ አንድ ደቂቃ ይያዘው። ፔዳሉ ከእግሩ ሥር ቀስ እያለ ወደ ወለሉ ከወረደ ማስተሩ ከውስጥ ያፈስሳል፤ የዋጋ ድርድሩም ከዚያ ይጀመር፣ መኪናውም ወደ ቤት የሚሄደው በተጎታች ላይ ይሁን።